ሐዲዱ ይነሣ፣ መሬቱ ይጽዳ፣ ሐዲዱም ወደ ቦታው ይመለስ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ኦልድ ታውን በሚባለው አሮጌ ሰፈር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚወስደው አሮጌ የባቡር ሐዲድ ጉዳይ ነው። የወንዙ ዳር እንደ አዲስ ሊገነባ በመሆኑ የአካባቢው ነዋሪዎች ሐዲዱ ተነቅሎ ይጣል በሚሉና እንዳለ ይቆይ በሚሉ በሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። በዚህ ከተማ ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኖ ሳለ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ጭምር እያወጣ፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ግን የእኛ ሰው ድምፅ ሲሰማ አላየሁም። ስለዚህ ጉዳዩን በራሳችን ጋዜጣ፣ በራሳችን ቋንቋ ላነሣው ወደድሁ።

ቦታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ሐዲዱ ያገለግል የነበረው እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ የጀመረውንና ወንዙ ዳር የቆመውን በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነበር። ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ2012 መኸር ላይ ተዘጋ። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ2020 ሂልኮ የተባለው አልሚ ድርጅት ገዛው፤ የከተማው ምክር ቤትም በ2022 መኖሪያ ቤቶች፣ ቢሮዎች፣ ሱቆችና መናፈሻ እንዲሠሩበት የሚያስችለውን ዕቅድ አጸደቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2017 ለሰሜን ኦልድ ታውን በወጣው ዕቅድ፣ የሐዲዱ መስመር ረጅምና ቀጭን መናፈሻ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ያ መናፈሻ ሲሠራ በብረቱ ምን ይደረግ የሚለው ነው ሰውን የሚያከራክረው።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ኦልድ ታውን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ሠራተኛነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በምሳ ሰዓት እንጀራዬን በሳህን ቋጥሬ ወደ ወንዙ እወርድ ነበር። ያን ጊዜ ከሰል የጫኑት ፉርጎዎች አንዱ ሌላውን እየገፋ በዝግታ ሲያልፉ ለማየት ቆም እላለሁ። አንዳንድ ቀን፣ ነፋስ ከወንዙ በኩል ሲነሣ፣ ደንበኞቻችን ባቆሟቸው ነጫጭ መኪኖች ኮፈን ላይ ስስ ጥቁር አቧራ አርፎ እናገኝ ነበር፤ በጣቴ ስነካው እንደ ጥላሸት ይለጠፍብኝ ነበር። ይህን የማነሣው ሐዲዱን የማይወዱ ሰዎች ያለ ምክንያት እንዳልጠሉት አውቃለሁ ለማለት ነው።

በቅርቡ በተገኘሁበት የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሥተው፣ ለብዙ ዓመታት የመስኮታቸውን ደፍ በየማለዳው ከከሰል ብናኝ እየጠረጉ እንደኖሩ ተናገሩ። ልጃቸው በአስም ታምሞ ያደገ መሆኑን ከገለጹ በኋላ፣ ያንን ዘመን የሚያስታውስ አንድም ብረት በሰፈራቸው እንዲቀር እንደማይፈልጉ ሲናገሩ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተናገረው ወጣት ደግሞ የብስክሌቱ ጎማ በሐዲዱና በአስፋልቱ መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ እንደጣለውና እጁ እንደተሰበረ አስረዳ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በእጅ ጋሪ ሕፃን ለሚገፉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ፣ ያ ክፍተት ወጥመድ ነው።

ሐዲዱ እንዳለ ይቆይ የሚሉት ደግሞ ታሪክ አይጠፋም የሚል ጥሩ ሐሳብ ይዘው ተነሥተዋል፤ ነገር ግን ያሉት ነገር በተግባር የሚቻል አይመስለኝም። ሐዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች እንዳይበሰብሱ ክሪዮሶት በሚባል ከከሰል ሬንጅ በሚወጣ ዘይት የተነከሩ ናቸው፤ ይህ ዘይት በዓመታት ብዛት ወደ አፈሩ ይወርዳል። በዚያ ላይ የከሰሉ ብናኝ አለ። ልጆች የሚጫወቱበት መናፈሻ ይሆናል የተባለ መሬት ተቆፍሮ ሳይመረመርና ሳይጸዳ እንዲሁ ሣር ይልበስ ማለት ትክክል አይሆንም። ደግሞም ብረቱን በአረም መካከል እየዛገ መተው ለታሪክ ማሰብ ነው ብዬ አልቀበልም።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሐዲዱ ይነሣ። ሲነሣ ግን እያንዳንዱ ብረት የነበረበት ቦታ በቁጥር ይመዝገብ፤ ብረቱ ላይም ምልክት ይደረግበት። መሬቱ ተቆፍሮ ይጽዳ። ከዚያ ያው ብረት፣ በያው መስመር፣ ከመራመጃው ንጣፍ ጋር እኩል ሆኖ ተመልሶ ይተኛ፤ በጎኑ ያለው ክፍተትም የባቡርና የመኪና መንገድ በሚገናኙባቸው ቦታዎች እንደሚደረገው በጎማ ይሞላ። ይህ ከሆነ የወጣቱ ብስክሌትም አይያዝም፣ የእናታችን ምርኩዝም አይሰናከልም። ይህ ከእኔ የፈለቀ አዲስ ነገር አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ሃይ ላይን የሚባለው ከፍ ብሎ የተሠራ የባቡር መስመር፣ የመጨረሻው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1980 ካለፈበት በኋላ ለብዙ ዓመታት ሣር በቅሎበት ቆይቶ፣ በ2009 የመጀመሪያው ክፍል መናፈሻ ሆኖ ሲከፈት ሐዲዶቹ እንዲሁ ተነሥተው፣ ምልክት ተደርጎባቸው፣ ከሥራው በኋላ ከነበሩበት ቦታ ተመልሰው ነው የተተከሉት። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ሰው እየመጣ ይራመድበታል።

ሙሉው ርዝመት ይመለስ ብዬ አልከራከርም። መስመሩ ወደ ወንዙ በሚታጠፍበትና ማመንጫው ወደነበረበት ግቢ በሚገባበት አካባቢ ቢመለስ ይበቃል። የማልደራደርበት አንድ ነገር ግን አለ፤ መስመሩ ሳይቆራረጥ የሕዝብ ሆኖ መቅረት አለበት። የአሮጌ ሐዲድ ዋጋ ከብረቱ ይልቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ ቀጭን መሬት መሆኑ ላይ ነው። ብረት ቢነቀል ሌላ ብረት ይገኛል። መሬቱ ግን አንድ ጊዜ ተሸንሽኖ ለዚህ ሕንፃ ጓሮ፣ ለዚያ ሕንፃ መኪና መግቢያ ከተሰጠ፣ መልሶ የሚያያይዘው ኃይል አይኖርም። ለዚህ ማስረጃው እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። በዊልክስ ጎዳና ሥር የሚያልፈው ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በኦሬንጅና አሌክሳንድሪያ የባቡር ኩባንያ የተቆፈረው ባቡሩ ወደ ወንዙ ወደብ እንዲወርድበት ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1975 ተነሣ፤ መተላለፊያው ግን ስላልተሸጠ እስከ ዛሬ እግረኛና ብስክሌተኛ ያልፍበታል። ከዚያ ዋሻ የጎደለው ብረቱ ብቻ ነው፤ ሐዲዱ የት እንደነበረ ለማወቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ የግድ ይላል።

ስለ ጽሑፍ ካነሣሁ ዘንድ፣ በአዲሱ መናፈሻ የሚቆመው ሰሌዳ ማንን እንደሚያነሣ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል። የዚህ ከተማ የባቡር ታሪክ ትልቅ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሰሜኑ ጦር የባቡር ማዕከሉን እዚህ አድርጎ ነበር፤ የፕሬዚዳንት ሊንከንን አስከሬን እ.ኤ.አ. በ1865 ያጓጓዘው ሠረገላም የተሠራው እዚሁ ነው። ይህ በየሰሌዳው ተጽፎ ይገኛል። በቨርጂኒያ የባቡር መስመሮች ሥራ ላይ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ከጌቶቻቸው በኪራይ እየተወሰዱ ድንጋይ መፍለጣቸውና አፈር መዛቃቸው ግን በዚያው ልክ ሲነገር አይሰማም። ከሰሉን ሲያራግፉ የኖሩት ሠራተኞችም፣ አቧራውን ሲጠርጉ የኖሩት እናትም በሰሌዳው ላይ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። እኚያ እናት ብረቱን እንዲጠሉ ያደረጋቸው አቧራው ብቻ አይመስለኝም፤ ያዩት መከራ በየትም ሳይጻፍ ብረቱ ለጌጥ ብቻ እንዳይቀር ስለሚሰጉም ይመስለኛል።

አዘጋጁ ሆይ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ለዚህ ብረት ይህን ያህል ለምን ተጨነቀ የሚል አንባቢ ቢኖር ምክንያቱን ልግለጽ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የሸሚንደፈር የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ማለዳ መዶሻቸውን በትከሻቸው አድርገው ይወጣሉ፤ ብረቱን ጠቅ ጠቅ ያደርጉና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ብሎኑ የላላ እንደሆነ ድምፁ ይደፈናል፣ የጠበቀ እንደሆነ ይጮኻል ይሉኝ ነበር። የድሬዳዋ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር፣ ልጅ ሆኜ አንድ እግሬን በአንደኛው፣ ሌላውን በሁለተኛው ብረት ላይ አድርጌ አንፈራጥጬ መቆም እችል ነበር፤ ቁመቴ መጨመሩን የምንለካውም በዚያ ነበር። እዚህ ያለው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። መጀመሪያ ባየሁት ቀን በምሳ ሰዓት ሞክሬው አልሆነልኝም።

ድሬዳዋ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የከዚራን ሰፈር ያቀናው ባቡሩ ነው፤ ዛፎቹን የተከለው፣ መንገዶቹን ቀጥ አድርጎ ያወጣው ባቡሩ ነው። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ከጅቡቲ እስከ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። አዲሱና ሰፊው መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ሲሠራ ደስ ብሎኛል፤ አገር ባቡር ያስፈልጋታል። አሮጌው ሐዲድ ግን በብዙ ቦታ ማንም ሳይመዘግበው ተነቀለ፣ አፈር ለበሰ፣ ቤት ተሠራበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ ተዝካር ሄጄ አባቴ በየማለዳው የሚሄዱበትን መስመር ከጣቢያው ተነሥቼ በእግሬ ልከተለው ስሞክር፣ ብዙም ሳልርቅ ጠፋብኝ። አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው እያመለከቱ «በዚህ በኩል መሰለኝ» አሉኝ። እሳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም። የነገ ልጆች እዚህም እንዲሁ «መሰለኝ» የሚባል መልስ እንዳይሰጣቸው ነው የምጨነቀው።

እዚህ ያለውን ብረት ጎንበስ ብሎ ላየው፣ በጎኑ ላይ የተሠራበት ፋብሪካ ስምና ዓመተ ምሕረቱ በጉልህ ፊደል ወጥቶበታል። ዝገቱን በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ይነበባል። እንዲህ ያለውን ነገር ቁርጥራጭ ብረት ብሎ በኪሎ መሸጥ መዝገብ ቤት ያለ ወረቀትን ለስኳር መጠቅለያ እንደማዋል ነው።

በወንዙ ዳር የሚሠሩት ቤቶች ኪራያቸው ስንት ይሆናል፣ ዌስት ኤንድ በሚባለው የከተማው ምዕራባዊ ክፍል አፓርታማዎች ተጨናንቆ የሚኖረው ወገናችንስ ይደርሰዋል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ከባድ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ። ነገር ግን መናፈሻው የሁላችንም ነው፤ በነፃው የከተማ አውቶቡስ ተሳፍረን ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት ቦታ ነው። ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች የሆኑ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪዎች ጉዳዩ በከተማው ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት መስጫ ስብሰባ ላይ ሲቀርብ ተመዝግበው እንዲናገሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብሎ የሚቀር ካለ፣ ማዘጋጃ ቤቱን አስተርጓሚ አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል፤ እኔም በአማርኛ የጻፍሁትን በእንግሊዝኛ ያስተካከለችልኝ ልጄ ናት።

የጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም ከነዋሪዎቹም ሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ጠይቆ፣ የሐዲዱ ብረት መቼ እንደሚነሣና ከተነሣ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ቢዘግብልን ትልቅ ውለታ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ፣ እኔ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መስመሩ ወደ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ አልጠፋም፤ በብረቱ ጎን የተጻፈውን ለማየት የሚፈልግ ቢመጣ ጨርቅ ይዤ እጠብቀዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነዋሪ