ጋራዡ ውስጥ ለምትዘፍነው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ማክሰኞ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ፕሮዲዩሰሩ ድራመራችሁን በክሊክ፣ ምቱን በሚቆጥረው ድምፅ፣ ሃያ ጊዜ ሲያስደጋግማት ውሎ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ደግሞ ዘፈኑ ላይ ኪቦርድ ደርቦበት አገኛችሁት። «ሙያው የሱ ነው፣ ዝም ልበል?» ስትይኝ መልስ አጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ከካርቱም አትላንታ ስገባ እንግሊዝኛዬ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ አያልፍም ነበር። ሌሊት ሰሃን የማጥብበት ወጥ ቤት አንድ የጆርጂያ ልጅ አብሮኝ ይሠራል። መደርደሪያው ላይ ባስቀመጣት ቴፕ ያችኑ አንድ ካሴት ያዞራል፤ አር.ኢ.ኤም. የሚባለው የሮክ ባንድ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ያወጣትን የመጀመሪያ ሙሉ አልበም። «መርመር» ትባላለች፣ ማጉረምረም ማለት ነው፤ ለኔ ጆሮ ግን «መርምር» የምትል ትመስለኝ ነበር። ጊታሩ እንደ ክራር ክር በክር እየተነጠለ ይፈሳል፤ ዘፋኙ ግን ቃሉን አፉ ውስጥ ያስቀረዋል። አንድ ሌሊት እጄን በሽርጤ አደራርቄ «ምን እያለ ነው?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀና «እኔም አላውቅም» አለኝ። ልጄ፣ እዚህ አገር ከአገሬው ሰው ጋር እኩል የሆንኩት ያን ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ለየራሳችን በመሰለን ቃል አብረን እናንጎራጉረው ጀመር።

እነዚያ አራት ልጆች፣ ማይክል ስታይፕ፣ ፒተር በክ፣ ማይክ ሚልስና ቢል ቤሪ፣ እዚሁ አጠገባችን ከአተንስ የተነሡ ናቸው። በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት አገልግሎቱን ባቆመ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አሳታሚያቸው አይ.አር.ኤስ. ለአልበሙ አንድ ፕሮዲዩሰር ሲሞክርላቸው፣ ልክ እንደናንተው ድራመሩን አንድ ዘፈን እየደጋገመ አስመታው፤ ቀረጻው ላይም ኪቦርድ ጨመረበት። ልጆቹ እሺ አላሉም። ኩባንያውን አግባብተው ወደሚያውቃቸው ፕሮዲዩሰር ሚች ኢስተር ተመለሱ። ሰውየው ስቱዲዮውን የከፈተው ወላጆቹ ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ በ1982 የወጣችውን አጭር ሥራቸውንም የቀዳላቸው እዚያ ነው። እሱና ባልደረባው ዶን ዲክሰን ሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ከተማ ውስጥ፣ ሪፍሌክሽን በሚባል ስቱዲዮ፣ አልበሙን ጨረሱላቸው።

ደግሞ አዲስ ነገር ሁሉ ይቅርብን ያሉ እንዳይመስልሽ። አንደኛው ዘፈን ላይ ከሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ አለ፤ ድራመሩ ስቱዲዮው ውስጥ ፑል ሲጫወት የኳሶቹን ግጭት ቀድተው፣ ቴፑን አዝግመው ያስገቡት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ካሴቱን እያጠነጠንኩ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! የናንተም ኪቦርድ ከናንተው እጅ ቢመጣ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ማይክል ጃክሰን ዓለሙን ባጥለቀለቀበት በዚያ ዓመት ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የዓመቱ ምርጥ አልበም ያለው ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከጓደኞችሽ ጋር ተነጋገሩበት። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን ያመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ዘፈኖቻቸውን በአራቱም ስም እኩል ነበር የሚያስመዘግቡት። ገንዘብ ሳይመጣ በፊት ነው እንዲህ ያለው የሚያልቀው።

የአልበሙን ሽፋን ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ፎቶው ላይ ያለው ኩድዙ ነው፤ አውራ ጎዳናው ዳር ዛፉን ሁሉ የሚያለብሰው ሐረግ። ትንሽ ሆነሽ «ዛፎቹ ብርድ ልብስ ለብሰዋል» ትይኝ ነበር።

ቅዳሜ መኪናዬን ደጅ አቆማለሁ፤ ጋራዡን ጠርጌላችኋለሁ። ኪቦርዱ ያልተጨመረበትን ቅጂ ከፕሮዲዩሰራችሁ ተቀብላችሁ ኑ፣ መስማት እፈልጋለሁ። እናትሽ ቆሎ ቆልታለች፤ ለድራመሯም ለብቻ ቋጥራላታለች።

አባትሽ