ይድረስ ለሎጋው፣ ኢንዲያናፖሊስ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድሮ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነበር፤ እኔም ሌላ አጀማመር አላውቅም። ማን ነው ቀድሞ ዝም ያለው የሚለውን ክርክር ዛሬ አናነሳውም። አንተን ሥራው፣ እኔን የልጅ ነገር ይዞን ነው ብለን እንለፈው። ብደውልልህ ደግሞ “ሃሎ፣ ሰላም ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው” ተባብለን እንዘጋዋለን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

ሐዋሳ አለች። ባጃጁ በዝቷል፣ ፎቁም እንደዚያው። አሞራ ገደል ዓሣው አሁንም ይጠበሳል፤ አባ ኮዳዎቹም አሁንም ከሰው እግር ሥር አይጠፉም። እናትህን በቀደም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አግኝቻቸው ነበር። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። “ሎጋው ምን ይልሃል?” ሲሉኝ አፍሬ “ደህና ነው” አልኩ። እኔ አሁንም የስፖርት መምህር ነኝ። ከሰዓት በኋላ ልጆች ሰብስቤ ቅርጫት ኳስ አለማምዳለሁ። ቁመት ያለው ልጅ ሳይ አንተ ትዝ ትለኛለህ፤ ያንተን ያህል ሰነፍ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ነገሩን የጀመረው ታናሽ ወንድምህ ነው። ሻይ እየጠጣን “ወንድሜ እኮ የሚሠራው በትለር ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው” አለኝ። በትለር? ሂንክል ፊልድሃውስ የሚባለው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ያለበት በትለር? እሱ ምኑም አይደለም፣ ሻዩን ቀጠለ። አንተ ግን ስንት ዓመት በዚያ ስታልፍ አንድ ቀን እንኳ አለማንሳትህ ገረመኝ። ያ ጣሪያው ጎበጥ ያለው ትልቅ የጡብ ሕንፃ፣ እሱን ነው የምልህ። መጋዘን መስሎህ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ይመስላል፣ አልፈርድብህም።

እስቲ ላውጋህ። የተከፈተው በ1928 ነው። በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደዚያ ነው። ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉት በዚያው ዓመት ነው። ሐዋሳ እንደ ከተማ ለመቆርቆር ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ይቀራት ነበር። በመክፈቻው ጨዋታ በትለር ኖተር ዴምን በተጨማሪ ሰዓት 21 ለ 13 አሸነፈ። አዎ፣ 21 ለ 13። የዛሬ ልጆች ያንን በአንድ ሩብ ያስቆጥሩታል።

አዳራሹ 15,000 ሰው ይይዝ ነበር። እስከ 1950 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ከሱ የሚበልጥ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አልነበረም። በትለር ደግሞ ያኔ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው በሙሉ ቢገባ እንኳ አብዛኛው ወንበር ባዶ ይቀር ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ ወንበር ለማን ሠሩት?

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ገንዘቡን ያሰባሰቡት የከተማዋ ነጋዴዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከኢንዲያና ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር ጋር የኪራይ ውል ገባ። በየዓመቱ የትምህርት ቤቶች ፍጻሜ እዚህ ይካሄዳል ተባለ። ያን የሚያህል ሕንፃ እንዲቆም ያስቻለው ይህ ውል ነው። ሕንፃው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ የተለካው ግን ከየገጠሩ በአውቶቡስ ለሚመጡ ልጆችና ተከትሏቸው ለሚመጣው አገር ሕዝብ ነው። ማን ይጫወትበታል የሚለው ከመሠረቱ በፊት ተወስኗል ማለት ነው። እኛ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሕንፃው ይቆማል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጥ ተብሎ ኮሚቴ ይቋቋማል።

አሠራሩንም ልብ በል። ጣሪያውን የተሸከሙት ትላልቅ የብረት ቅስቶች ናቸው። መሐል ላይ አንድም ምሰሶ የለም፣ የማንንም ዓይን የሚጋርድ ነገር የለም። ከላይ ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ ቀን ቀን የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ሜዳው መጀመሪያ የተዘረጋው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነበር። በ1933 ከሰሜን ወደ ደቡብ አዞሩት፣ ጥሩ ጥሩው መቀመጫ እንዲበዛ። እኛ ከሰዓት በኋላ ስንጫወት ፀሐይዋ ዓይናችን ውስጥ እየገባች ሪንጉን ሳናይ እንወረውር አልነበር? ሜዳውን ለማዞር ያሰበ ግን አልነበረም። ሲሚንቶው ፈሷል፣ አለቀ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዳራሹ የወታደር ማደሪያ ሆነ። የአየር ኃይሉና የባሕር ኃይሉ ሰልጣኞች እዚያ አደሩ፤ የትምህርት ቤቶቹም ፍጻሜ ለጥቂት ዓመት ሌላ ቦታ ሄደ። ከዚያ ተመለሰ።

ሂንክል የሚለው ስም የመጣው በ1966 ነው። ቶኒ ሂንክል ባለሀብት አልነበረም፣ ባለሥልጣንም አልነበረም፤ አሰልጣኝ ነበር። በትለር ውስጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ሠርቷል። ቅርጫት ኳሱን፣ የአሜሪካ እግር ኳሱን፣ ቤዝቦሉን፣ ሁሉንም ያሰለጥን ነበር። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ፤ የቅርጫት ኳስ ብርቱካናማ የሆነው በሱ ሐሳብ ነው። ድሮ ኳሱ ጥቁር ቡናማ ነበር። ተጫዋቹም ተመልካቹም በደንብ አያየውም ብሎ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ከኳስ አምራቹ ስፖልዲንግ ኩባንያ ጋር ሆኖ አስቀየረው። የኛ ኳስ አቧራ ጠጥቶ ጠጥቶ ወደ ድሮው ቀለሙ ተመልሷል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን 1954። ማይለን የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አለች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ 161 ተማሪ ብቻ ነበረው። እኛ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ያኔ ኢንዲያና ውስጥ ትልቁም ትንሹም የሚወዳደረው ለአንድ ዋንጫ ነው፤ ምድብ የሚባል ነገር የለም። ማይለን እየጣለ እየጣለ መጥቶ ፍጻሜ ላይ መንሲ ሴንትራልን አገኘ፤ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውንና ቀድሞ አራት ዋንጫ የበላውን። በአራተኛው ሩብ ቦቢ ፕላምፕ የሚባል ልጅ ኳሱን ይዞ ከአራት ደቂቃ በላይ ዝም ብሎ ቆመ። እየተመሩ እኮ ነው! ኳስ ይዞ መቆየትን የሚከለክል ሰዓት ያኔ አልነበረም። እኛ ሜዳ ቢሆን ድንጋይ ይወርድበት ነበር። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ያው ልጅ ዘልሎ ወረወረ፣ ገባ። 32 ለ 30። ይህን ታሪክ እዚያ አገር የማያውቅ የለም ይባላል። ሥራ ቦታህ ላሉት ሽማግሌዎች “ማይለን” በላቸውና ፊታቸውን እይ።

እኔ ግን የምወደው የቀጣዩን ዓመት ታሪክ ነው። በማይለን ጉዞ ውስጥ ሰው የሚዘለው አንድ ጨዋታ አለ። ከፍጻሜው በፊት፣ በዚያው አዳራሽ፣ ማይለን ያሸነፈው አንድ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነበር። ክሪስፐስ አታክስ ይባላል። ውስጡ ኦስካር ሮበርትሰን የሚባል ልጅ አለ።

ቅድም ያን ውል አሞገስኩልህ። ውሉ “ለትምህርት ቤቶች” ሲል ግን ሁሉንም ማለቱ አልነበረም። የጥቁሮችና የካቶሊኮች ትምህርት ቤቶች እስከ 1942 ድረስ በማኅበሩ ውድድር መግባት አይችሉም ነበር። 15,000 ወንበር ተሠርቶ፣ እዚያው ከተማ የሚኖሩ ልጆች ዋንጫውን ከውጭ ይሰሙት ነበር ማለት ነው። አታክስ ራሱ የተከፈተው በ1927 ነው፣ ከአዳራሹ አንድ ዓመት ቀድሞ። ኩ ክሉክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ማኅበር በኢንዲያና ጉልበት የነበረው ዘመን ነው፤ የተሠራውም ጥቁር ተማሪዎችን ከነጮቹ ለይቶ ለማስቀመጥ ነው። ስሙን የሰጡት በ1770 ቦስተን ላይ በእንግሊዝ ወታደሮች ጥይት በወደቀው ሰው ነው። የራሱ ጂም ጠባብ ስለነበር እንግዳ ቡድን የሚያስተናግድበት ቦታ አልነበረውም። “በሜዳው” የሚባለውን ጨዋታ ሳይቀር ብዙ ጊዜ በትለር አዳራሽ ሄዶ ነበር የሚጫወተው። እስቲ አስበው፤ ጂሙ የማይበቃው ትምህርት ቤት ከአገሪቱ ትልልቅ ጂሞች በአንዱ ውስጥ ሲጫወት ኖረ።

በ1955 አሰልጣኝ ሬይ ክሮው ልጆቹን ይዞ ፍጻሜ ገባ። የገጠሙት ጌሪ ሩዝቬልትን ነው፤ እሱም የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው። አታክስ 97 ለ 74 አሸነፈ። በመላው አሜሪካ ለሁሉም ክፍት በሆነ የግዛት ውድድር ዋንጫ የበላ የመጀመሪያው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሆነ። ኢንዲያናፖሊስ ራሷም ከዚያ በፊት ይህን ዋንጫ አግኝታ አታውቅም። ከተማው በሙሉ ማበድ ነበረበት።

ልማዱ እንዲህ ነው። አሸናፊው ቡድን በእሳት አደጋ መኪና ተጭኖ መሐል ከተማ ይሄዳል፤ በሐውልቱ አደባባይ ላይ ይጨፈራል። ማይለን ከዓመት በፊት ጨፍሯል። የአታክስን ልጆች ግን መኪናው አደባባዩን አንድ ጊዜ አዙሮ ወደ ጥቁሮቹ ሰፈር፣ ወደ አንድ መናፈሻ ወሰዳቸው። እዚያ ጨፍሩ ተባሉ። ኦስካር ያኔ 16 ዓመቱ ነው። ያን ምሽት ሽማግሌ ሆኖም አልረሳውም፤ እስካሁን በምሬት ያወራዋል። አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨበላቸው ከተማ ከበሩ ውጭ አላወቃቸውም። በ1956 ደግመው በሉት፣ ያውም አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ። በ1960 ኦስካር ሮም ኦሎምፒክ ሄዶ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ወርቅ ወሰደ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት ያው ኦሎምፒክ ነው። ለልጆቼ ይህን ስነግራቸው አበበን ያውቃሉ፣ ኦስካርን አያውቁም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱን አብረው ያነሷቸዋል። በ2015 ኢንዲያናፖሊስ በሕይወት ያሉትን የዚያ ቡድን ልጆች ለታላቁ የመኪና ውድድር በሚደረገው ሰልፍ ፊት አውጥታ አከበረቻቸው። 60 ዓመት ፈጅቶባታል።

የቀረውን በአጭሩ። ፍጻሜው እስከ 1971 ድረስ እዚያ ተካሄደ፣ ከዚያ ወደ ሌላ አዳራሽ ሄደ። በ1987 ሕንፃው ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። በ2010 እና በ2011 በትለር ለአገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በ36 ሚሊዮን ዶላር አደሱት፤ ወንበሩን ወደ 9,100 ገደማ አወረዱት። አላፈረሱትም። እኛ ቢሆን አፍርሰን መስታወት ፎቅ አቁመን ነበር፣ ልብህ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ላጫውትህ ብቻ አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ ደህና አዳራሽ አለ፤ የማን እንደሆነ አልነግርህም። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ጥበቃው “ለስብሰባ ተይዟል” አለኝ። ሌላ ጊዜ ስመለስ ለሰርግ ወንበር እየተደረደረ ነበር። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ ወለሉን እያዩ “ቲቸር፣ እንጨት ነው?” ይሉኛል። እንጨት ነው። እኔም ከሌሎች መምህራን ጋር ሆኜ ማመልከቻ እያዘጋጀን ነው። በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለትምህርት ቤቶች በጽሑፍ ይሰጥ ነው የምንለው። በቃል አይደለም፣ በውል። ትናንት የተፈቀደ ነገር ዛሬ ኃላፊው ሲቀየር እንዳይጠፋ። የትኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚለው ላይ ደግሞ ከወዲሁ እየተጨቃጨቅን ነው። አንዳንዱ “ቡድን ያላቸው ብቻ” ይላል። እኔ ሁሉም በስም ይጻፍ ባይ ነኝ፤ ጭራሽ ሜዳ የሌለው ሁሉ ሳይቀር።

ስለዚህ እባክህ ከሥራ ስትወጣ ጎራ በልበት። በር ላይ ያለውን ሰው ጠይቀው፤ የሰፈር ልጆች ዛሬ መግባት ይችላሉ ወይ? ስንት ያስከፍላል? የትኛው ሰዓት የማን ነው፣ ተጽፎ ተለጥፏል ወይ? ከተለጠፈ ፎቶ አንሳልኝ። ቅስቶቹንም ከሥር አንሳልኝ፣ እነሱ ለራሴ ናቸው።

ለእናትህ ደውል። ኳስ እልካለሁ እንዳትል፤ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ኳስ ነው የሚልከው፣ ኳስ አለን። የሪንግ መረብ ግን የለንም። ጠንካራውን፣ ለውጭ ሜዳ የሚሆነውን ሁለት ጥንድ ከሚመጣ ሰው ጋር ላክልኝ።

ወንድምህ፣
ከሐዋሳ