ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቶች ስፖርት ኃላፊ፦ ድካምን ፍጥነት አትበሉት

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ለመጀመሪያው «እናየዋለን» ተባልኩ። ለሁለተኛው «ትምህርት ቤቱን ያነጋግሩ» ተባልኩ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ መልሶ ወደ እናንተ ላከኝ። ሦስተኛው የት እንደገባ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። አሁን የምጽፈው ሁሉም ሰው እንዲያነበው ነው።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። 200 ሜትር ትሮጣለች። የዚያን ቀን አሰልጣኙ «የፍጥነት ልምምድ» ብሎ 100 ሜትር 20 ጊዜ እንዲሮጡ አዘዘ። እረፍታቸው ተራምደው እስኪመለሱ ድረስ ብቻ ነበር። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። አሥረኛው ላይ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል፤ እርምጃዋ አጥሯል። «ደከመኝ» አለችው። «ገና ነው፣ ቀጥይ» አላት። አሥራ አራተኛው ላይ መቀመጫዋን ይዛ ወደቀች።

ሐኪሙ ራጁን አሳየኝ። የጭኗ የኋላ ጡንቻ ጅማት የመቀመጫ አጥንቷን ጫፍ ገንጥሎ ወስዶታል። ትልቅ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ጡንቻው ነው። በእሷ ዕድሜ ግን ጅማቱ የሚያያዝበት አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ፣ ደካማው ቦታ እሱ ነው።

ይህን ቢሮዎ አያጣውም። በሙሉ አቅም ሲሮጥ ጡንቻ ውስጥ ያለው ፈጣን ጉልበት በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ለመመለስ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጥሩ አሰልጣኞች ለሮጡት 10 ሜትር አንድ ደቂቃ ገደማ እረፍት የሚሰጡት። 30 ሜትር ከሆነ ሦስት ደቂቃ ማለት ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ይሮጣሉ፤ ፍጥነታቸው መውረድ ሲጀምር ያቆማሉ። እስከ ቀጣዩ ከባድ ልምምድ 48 ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ። ዩሴን ቦልት እንኳን በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲገባ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የነበረው ከ60 እስከ 80 ሜትር ባለው ክፍል ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቀንሷል። ታዲያ የ16 ዓመት ልጅ ያለ በቂ እረፍት 20 ጊዜ እንዴት ብላ ነው ፍጥነት የምትለማመደው? የተለማመደችው ደክሞ መሮጥን ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አሰልጣኝ የብቃት ማረጋገጫ ይኑረው የሚለውን መመሪያ ያወጣው የእናንተው ቢሮ ነው። ይህ ሰው የለውም። ጠይቄው ራሱ ነግሮኛል። ይህንንም በሦስቱም ደብዳቤዎች ላይ ጽፌዋለሁ። አንድ ሰው እንኳን መጥቶ ሜዳውን አላየም።

ልጄ አሁንም በክራንች ነው የምትሄደው። ጓደኞቿ ማክሰኞ ከሰዓት ያንኑ 20 ዙር ይሮጣሉ። አንዱ «እኔም እዚያ ጋ ያመኛል» ብሎ መቀመጫውን ሲያሳያት አጠገባቸው ነበርኩ።

ከማክሰኞ በፊት ያስቁሙት።