ሽንትሽ ስለጠቆረ ኩላሊትሽ አልሰነፈም

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሰናይት፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን ሰላምታ በማብዛት አላካክሰውም፤ ቀጥታ ወደ ጥያቄሽ ልግባ። በዶሃ ሙቀት ስትሠሪ ውለሽ፣ 3 ሊትር ውሃ ጠጥተሽም ሽንትሽ ጥቂትና ጠቆር ያለ ቢጫ ሆኖብሽ «ኩላሊቴ ሰነፈ ይሆን?» ብለሻል። የሰነፈ ኩላሊት ብዙውን ጊዜ የሚያቅተው ሽንትን ማወፈር፣ ማለትም ውሃውን አስቀርቶ ቆሻሻውን በጥቂት ፈሳሽ ማስወጣት ነው። ያንቺው ግን ይህን እያደረገ ነው።

ብዙ ሰው ኩላሊት ከደም ውስጥ ቆሻሻውን እየለቀመ የሚጥል ይመስለዋል። እኛ ስንዴ ስንለቅም ጠጠሩን አውጥተን እንጥላለን፤ ኩላሊት ግን ጆንያውን እንዳለ ይዘረግፍና እህሉን ብቻ መልሶ ይከታል። ብክነት ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሰውነት እያንዳንዱን ባዕድ ነገር ለይቶ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መልሶ የሚያነሣው ካጣ አብዛኛው በራሱ ይወጣል።

ልብ በየደቂቃው ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል፣ ከ1 ሊትር በላይ ማለት ነው፣ ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይገባል። እያንዳንዱ ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ ረቂቅ ማጣሪያዎች አሉት። በኔፍሮኑ ራስ ላይ ግሎሜሩለስ የሚባል የቀጫጭን ደም ሥሮች ጉንጉን አለ። ደም አስገቢው ሥር ሰፋ፣ አስወጪው ጠበብ ስለሚል ጉንጉኑ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ፈሳሹን በግድግዳው የሚያሳልፈው ይህ ግፊት ነው። የደም ሴሎችና አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን እዚያው ይቀራሉ፤ ውሃ፣ ጨው፣ ስኳርና ዩሪያ የሚባለው የፕሮቲን ቆሻሻ ያልፋሉ። በጤናማ ወጣት ላይ እንዲህ የሚጣራው በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 180 ሊትር ያህል ነው። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ! የቀረው ተመልሷል።

ሁለት ሦስተኛው የሚመለሰው በመጀመሪያው ጠምዛዛ ቱቦ ነው። የቱቦው ሴሎች ሶዲየሙን ወደ ደም ይገፉታል፣ ውሃውም ይከተለዋል። ስኳርም ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመለሰው እዚሁ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲ ሊትር 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካለፈ ግን ሴሎቹ አቅማቸው ያልቃል፤ የተረፈው ስኳር ውሃ እየጎተተ ይወጣል። የስኳር ሕመምተኛ ሌሊት ደጋግሞ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የሄንሌ ቀለበት የሚባል፣ ወርዶ ተመልሶ የሚወጣ ቱቦ አለ። ወራጁ ክንድ ውሃ ያሳልፋል፤ ወጪው ክንድ ውሃ አያሳልፍም፣ ጨው ግን ያወጣል። በዚህም የኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል ከደም እስከ አራት እጥፍ የወፈረ ይሆናል። የመጨረሻው ሰብሳቢ ቱቦ በዚያ ጨዋማ ቦታ መካከል ያልፋል፤ የሽንትሽ መልክ የሚወሰነውም እዚያ ነው። ደምሽ በ1 ወይም 2 በመቶ እንኳ ሲወፍር አንጎል ያውቀዋል፤ ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ ሲደርስ የቱቦው ሴሎች አኳፖሪን የሚባሉ የውሃ በሮችን ወደ ገጻቸው ያወጣሉ፣ ውሃውም ወደ ጨዋማው ክፍል፣ ከዚያም ወደ ደም ይመለሳል። (ፒተር አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል የተካፈለው እነዚህን በሮች በማግኘቱ ነው።) ከመጠን በላይ ስትጠጪ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ በሮቹ ይገባሉ፣ ሽንቱ ይቀጥናል። ስለዚህ «ውሃ ኩላሊት ያጥባል» የሚሉትን አትስሚ፤ ትርፉ ውሃ ወጥቶ ይሄዳል እንጂ የሚያጥበው ነገር የለም። ያንቺ 3 ሊትር አብዛኛው በላብ ሄዶ ይሆናል፤ የሄደውም ከጨው ጋር ነውና ከውሃው ጋር ምግብሽንም በወጉ ብዪ። ሽንትሽ ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን ቀኑን ሙሉ ከፋፍለሽ ጠጪ። ሽንትሽ በቀን ከግማሽ ሊትር በታች ከወረደ ግን ቆሻሻው የሚሟሟበት ፈሳሽ ያንሰዋል።

እኔን ያሳሰበኝ ለራስ ምታትሽ የምትወስጂው አይቡፕሮፌን ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ኩላሊት አስገቢውን ሥር ከፍቶ የሚይዘው ፕሮስታግላንዲን በሚባል ኬሚካል ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እሱን ያግዱታል፤ ሥሩ ይጠባል፣ የማጣራቱ ግፊት ይወድቃል። በዚያ ላይ እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት አስወጪውን ሥር ካላላ፣ እንደ ላሲክስ ያለ የሚያሸና መድኃኒትም ከተጨመረ፣ ጤነኛ የነበረ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ላብ ባጠመቀሽ ቀን፣ ይልቁንም ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ፣ በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል። የግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ሐኪም ሳታማክሪ አታቋርጪ።

ከተመረመርሽ ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚወጣ፣ በደም ውስጥ የሚለካ ቆሻሻ) ብቻ አይበቃሽም፤ የማጣራት አቅም ግማሽ እስኪጠፋ ድረስ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፣ በተለይ እንዳንቺ ቀጭን ሰው ላይ። የሽንት አልቡሚንም ይታይልሽ፤ በ1 ግራም ክሬቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነና ከሦስት ወር በኋላም ከተደገመ ማጣሪያው ተጎድቷል ማለት ነው። ሽንትሽ አረፋው አልጠፋ ካለ፣ ፊትሽ ወይም እግርሽ ካበጠ፣ ወይም ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻሽ ታሞ ሽንትሽ ኮካ ከመሰለ፣ ውሃ ጠጥተሽ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ውጤቱ ሲደርስሽ የሁለቱንም ቁጥሮችና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ስም ጻፊልኝ፤ አሁን ቶሎ ነው የምመልስልሽ።

ናፋቂ ጓደኛሽ