ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ለምን ተቀየረ? ለአባቴ ከካልጋሪ

ካልጋሪ፣ ካናዳ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይ? ኮምቦልቻ ያሉት ዘመዶች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርታቸውን ይዘዋል። የልጆቹ እናት አሁንም እዚያው ሆስፒታል ናት፤ ገና ሳይነጋ ነው ከቤት የምትወጣው።

እሑድ ስንደዋወል ኔትወርኩ ተቋረጠብን እንጂ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። «ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንዴት ይቀየራል? ደግሞስ መኪናው አራቱም ጎማው ይስባል አላልከኝም?» ነው ያልከኝ። ዕድሜህን ሙሉ በጎማ ላይ የኖርክ ሰው ነህ። ለአንተ በሁለት ደቂቃ ስልክ መመለስ አልፈለግሁም። ለጣሪያው ቆርቆሮ የምልከው ብር በዚህ ወር ያነሰውም በዚሁ በጎማው ምክንያት ነው። ስለዚህ ብሩ የት እንደገባ በደንብ ልታውቅ ይገባሃል።

መጀመሪያ ነገር፣ የድሮው ጎማ አልተጣለም። ከነቸርኬው ጋራዥ ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል። ሚያዝያ አካባቢ ተመልሶ ይገባል። እዚህ ብርዱ በሚጠናበት አገር ብዙ ሰው ሁለት ዙር ጎማ ነው ያለው። አንዱ ለሙቀቱ ወራት፣ አንዱ ለበረዶው። እየተፈራረቁ ስለሚሠሩ የሁለቱም ዕድሜ ይረዝማል።

አንተ የምታውቀው ጎማ የሚለካው በጥርሱ ነው። እዚህ ግን ላስቲኩም ይታያል። ተራ ጎማ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መጠንከር ይጀምራል። ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ እንደ ደረቀ ጠፍር ድርቅ ይላል። ያኔ ጥርሱ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን መንገዱን አይቆነጥጥም። የበረዶ ጎማ ላስቲኩ ሲሊካ የሚባል ዱቄት በብዛት የገባበት ነው፤ በዚያ ብርድ እንኳ በጣትህ ስትጫነው እሺ ይላል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ፤ በመቶ የሚቆጠሩ። የመኪናው ክብደት ሲያርፍባቸው ይከፈቱና በጠርዛቸው በረዶውን ይነክሱታል።

አራቱም ጎማ መሳቡ ደግሞ እውነት ነው፣ ይስባል። ከቆመበት ለመነሳት፣ ዳገት ለመውጣት በጣም ይረዳል። ፍሬን ስትይዝ ግን ምንም አይጨምርልህም። በፊት እግሩ ብቻ የሚስበውም ሆነ ይሄኛው የሚቆሙት በአራቱ ጎማ ነው፤ ኩርባ ላይም እንደዚያው ነው። እንዲያውም በደንብ ስለሚነሳ ሹፌሩን ያዘናጋዋል። መንገዱ ደህና ይመስለውና ይፈጥናል። በረዶ በጣለ ማግስት ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ የማያቸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ትልልቅ መኪኖች ናቸው። አንተ በተጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጣርማ በርን ስትወርድ በከባድ ማርሽ ነበር የምትወርደው። ፍሬኑን ብቻ አምነህ አትወርድም ነበር። እዚህም የሚያስፈራው መቆሙ ነው።

የካልጋሪን አየር ብታየው ደግሞ ይበልጥ ይገባሃል። ከተማዋ ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ናት። በብርዱ ወራት መሀል ከተራራው በኩል ቺኑክ የሚባል ሞቃት ነፋስ ይመጣል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ አየሩ በ20 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። በረዶው ይቀልጥና መንገድ ላይ ይፈሳል። ሰው ካፖርቱን አውልቆ ይወጣል። ማታ ብርዱ ሲመለስ ያ ውሃ እዚያው አስፋልቱ ላይ ይረጋል። ጠዋት ስታየው መንገዱ ረጠብ ያለ ብቻ ነው የሚመስልህ። በረዶ መሆኑን የምታውቀው ፍሬን ስትነካ ነው። ደግሞ በረዶ ይበልጥ የሚያንሸራትተው ብርዱ እጅግ ሲከፋ እንዳይመስልህ። ዜሮ አካባቢ ሲሆን ይብሳል፤ ላዩ ላይ ስስ ውሃ ስለሚይዝ።

የልጆቹ እናት የምትወጣው በዚያ ሰዓት ነው። ጨውና ጠጠር የሚበትነው መኪና ብዙ ጊዜ ወደ ሰፈር መንገዶች አይደርስም። ከሰፈራችን ሲወጣ ቁልቁለት አለ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ደግሞ የትራፊክ መብራት። ጎማ ስመርጥ ሐሳቤ ሁሉ ያ መብራት ላይ ነበር። ሚስቴ እዚያ ጋ ፍሬን ስትይዝ መኪናው መቆም አለበት። በቃ።

የበረዶ ጎማ ማድረግን ሕጉ እዚህ በእኛ ክፍለ አገር በአልበርታ አያስገድድም። ኩቤክ በሚባለው ሌላ ክፍለ አገር ግን ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15 በፈረንጅ አቆጣጠር የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው። ከእኛ በስተምዕራብ ባለው ብሪቲሽ ኮሎምቢያም በተራራው መንገድ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለ በረዶ ጎማ አይታለፍም። ወደ ቫንኩቨር ዘመድ ልንጠይቅ ስንወጣ የምንሄደው በዚያ ነው። እኔ ግን ሕግ ባይኖርም እገዛው ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ፤ አንተም የምትወደው ይሄንን ነው።

ጎማው ጎን ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት አለ። ይህ ያለበት ጎማ በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ ፊደሎች ብቻ ያሉበት ግን ስለ ጥርሱ ቅርፅ ነው የሚናገረው፤ ፈተና የለውም። የተራራው ምልክት ራሱ የሚመሰክረው ልል በረዶ ላይ መሳቡን ነው። የረጋ በረዶ ላይ ስለ መቆሙ አይነግርህም። ስለዚህ ምልክቱን አይቼ ብቻ አልገዛሁም።

ይህ ምልክት ኖሮት ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ጎማም አለ። የቫንኩቨር ከተማ ነዋሪ ብሆን ኖሮ እሱን አስብበት ነበር፤ ብርዱ ቀላል ነው። ለካልጋሪ ግን አላመንኩትም።

ሚስማር የተተከለበት ጎማም አለ። አልበርታ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ደቡብ ኦንታሪዮ ላይ ክልክል ነው። በረዶው ዘወትር ረግቶ በሚቆይበት ገጠር የሚወዳደረው የለም። እኛ ጋ ግን ቺኑኩ አስፋልቱን ስለሚገልጠው ብዙ ቀን በደረቅ መንገድ ነው የምንነዳው። ሚስማር በደረቅ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ መንገዱንም ይበላል። ስለዚህ ተውኩት።

ከዚያ የቀሩት ሚስማር የሌላቸው ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ አነበብኩ፤ ደስ የሚሉ ነገሮችም አገኘሁ። ኖኪያን የሚባለው የፊንላንድ ኩባንያ የበረዶ ጎማን መጀመሪያ የሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1934 ነው። ለማን እንደሆነ ታውቃለህ? ለጭነት መኪና! የቤት መኪናው ጎማ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የመጣው። ይህን ሳነብ ወዲያው አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። የጃፓኑ ቶዮ ደግሞ ላስቲኩ ውስጥ ዋልነት የሚባል ፍሬ የተፈጨ ጠንካራ ቅርፊት ይጨምራል፤ በረዶውን እንዲቧጥጥ። የብሪጅስቶኑ ብሊዛክ ላስቲኩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በበረዶው ላይ ያለችውን ስስ ውሃ ይመጥጣሉ።

ሁሉም ጥሩ ናቸው። በመጨረሻ የወሰድኩት ሚሽሊን ኤክስ-አይስ ስኖውን ነው። ምክንያቴ ያው ቺኑክ ነው። ለስላሳ ላስቲክ በደረቅና በሞቀ መንገድ ቶሎ ያልቃል። ይህኛው ግን ቶሎ ባለማለቁ ይመሰገናል፤ ፋብሪካውም 60,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጥበታል። ለእኛ አነዳድ የሚስማማው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ስሙም ለአንተ አዲስ አይደለም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ሻጩ «ብር ካጠረህ ለፊት ሁለቱን ብቻ ግዛ» አለኝ። ጥዬው ወጣሁ። ፊቱ ይዞ ኋላው ካልያዘ ኩርባ ላይ መኪናው ይዞራል። አራቱም በሚስቡበት መኪና ላይ ደግሞ የተለያየ ጎማ ማድረግ ካምቢዮውንና ማስተላለፊያውን ይጎዳል። ወይ አራቱንም ነው ወይ ጭራሽ አይደለም።

ቸርኬው ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ሠራሁ። መኪናችን ቶዮታ ሃይላንደሩ የመጣው በ20 ኢንች ቸርኬ ነው፤ ጎማው 235/55 ነው፤ 235 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 55 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ነው። ያምራል፣ ግን ጎኑ አጭር ነው። በብርድ ወቅት መንገዱ ይቦረቦራል። አጭር ጎን ያለው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ምቱ ቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለበረዶው ወደ 18 ኢንች ወረድኩ፤ ጎማው 235/65 ሆነ። ቸርኬው ሲያንስ የጎማው ጎን ይረዝማል፤ አጠቃላይ ቁመቱ ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የፍጥነት ቆጣሪውም አይዋሽም። ይሄው መኪና ከፋብሪካው በ18 ቸርኬም ስለሚወጣ ፍሬኑን ይነካል ብዬ አልተጨነቅሁም። ዋጋውም ከ20ው ይረክሳል።

ሰፋ ያለ ጎማ የሚመርጡ አሉ፤ መኪናው ግርማ እንዲኖረው። እኔ ስፋቱን አልነካሁትም። አንተ ጭቃ ላይ ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ያገኛል ትል ነበር። ልል በረዶም እንዲሁ ነው። ሰፊ ጎማ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ቸርኬው የብረት ነው፤ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው። አሉሚኒየሙ ቀለል ይላል፣ ያምራልም። ግን መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ያበላሸዋል፤ ጉድጓድ ከመታም ይሰነጠቃል። ብረቱ ቢታጠፍ ጎሚስታ በመዶሻ ያቀናዋል። ዝገቱ የማይቀር ነው፤ በየዓመቱ ሳወልቀው ቦርሼ ቀለም እቀባዋለሁ። ልጆቹ አልወደዱትም። ትልቁ «አባ፣ ታክሲ አስመሰልከው» ብሎኛል።

ለብቻው ቸርኬ መግዛቴ የሚያስከፍል ይመስላል እንጂ ኋላ ይመለሳል። ጎማን በየስድስት ወሩ ከቸርኬ ማውጣትና መክተት ጠርዙን ይጎዳዋል፤ በየጊዜውም የእጅ ዋጋ አለው። ከነቸርኬው ከሆነ ክሪክ አስገብቼ ራሴ እቀይረዋለሁ። ዳዶው ከቸርኬው ቀዳዳ ቅርፅ ጋር መግጠሙን አረጋግጫለሁ፤ የሾለውና ክቡ ይለያያሉ። በሰያፍ እያፈራረቅሁ አጠብቃለሁ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሁ በኋላም እንደገና አያለሁ። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ስትገዙ የሚታይ ሌላም ነገር አለ፤ ታናሽ ወንድሜም ይስማው። ጎማው ጎን ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በአራት አሃዝ ተጽፏል። 3525 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2025፣ በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አገር ቤት የሚገባውም ጎማ ላይ ይኸው አለ። አዲስ እየተባለ ዓመታት መጋዘን የከረመ ጎማ እንዳይሸጡላችሁ በዚህ እዩት። የሚሸከመውን ክብደት የሚያሳየው ቁጥርም ከፋብሪካው ጎማ ማነስ የለበትም። እኛ ከነልጆቹና ከነዕቃው ስንጓዝ መኪናው ከባድ ነው።

የጎማውንም ንፋስ መከታተል ግድ ነው። አየሩ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የጎማው ንፋስ አንድ ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ከሞቀ ጋራዥ ወጥቶ ከዜሮ በታች 25 ውስጥ ያደረ መኪና ጎማው ሳይበሳ ከ7 ፒኤስአይ በላይ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ጠዋት በብርዱ ነው የምለካው። ጥርሱ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ከእንግዲህ ለበረዶ አይሆንም። ለዓይን ገና ደህና ቢመስልም።

ሁሉም ተደምሮ፣ ጎማው፣ ቸርኬው፣ የንፋስ መለኪያ ሴንሰሩ፣ ማስገቢያውና ቀረጡ ወደ 2,000 የካናዳ ዶላር ደርሷል። ብዙ ነው። አውቃለሁ። ቆርቆሮው ከቀጣዩ ክረምት ዝናብ በፊት መድረስ እንዳለበትም አውቃለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ትርፍ ሰዓት ይዣለሁ፤ የጎደለውን አሟልቼ እልካለሁ። አናጢውን ዝም ብለህ ቀጠሮ ያዝለት፤ ቀብዱን ከቀደመው ብር ስጠው።

የአራቱንም ጎማ ፎቶ በእህቴ ቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ጥርሱን አጉልታ ታሳይህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ፊትና ኋላውን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ላዟዙረው ብዬ አስቤያለሁ። አንተ የምትለው ካለ በድምፅ ላክልኝ። የደም ግፊት መድኃኒትህንም እንዳታቋርጥ፤ ሲያልቅ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ንገረኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ለአክስቶቼና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪህ ልጅህ