ከሲድኒ መልስ፣ ለእማዬ

ሜልበርን፣ አውስትራሊያ፣ ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ለጋሼም።

ለጤናችሁ እንዴት ናችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ናፍቆታችሁን ግን አልቻልነውም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስላችሁ ለገና አገር ቤት የሚገባ የሰፈራችን ልጅ ነው። የጋሼን የስኳር መለኪያም ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

የሲድኒ ጉዟችንን ፎቶዎች በቴሌግራም ስልክልሽ “ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ልጆቹስ ምን ሊሆኑ ባሕር ውስጥ ገቡ?” አልሽኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ በወጉ አልመለስኩልሽም። አሁን ተቀምጬ ልጻፍልሽ።

የፈረንጆቹ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። በዚያ ቀን ሥራ የገባ ሰው የሚከፈለው ከወትሮው ከእጥፍ በላይ ነው። እኔም “የእኛ ገና ገና ነው” እያልኩ በየዓመቱ ከማስታምማቸው አረጋውያን ጋር ነበር የምውለው። ለበዓል የምልክላችሁም ከዚያው ገንዘብ ነው። ባለቤቴ ግን ያን ሰሞን ኮንስትራክሽኑ ስለሚዘጋ ቤት ነው። ልጆቹም ትምህርት የላቸውም። ሁሉም ቤት ሲሰበሰቡ የምጎድለው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ አልገባም አልኩ። የበግ መግዣችሁን ለብቻ አስቀምጬ ነው የሄድኩት፣ በሱ አታስቢ። ልጆቼ ይህን አገር ከትምህርት ቤትና ከሱፐርማርኬት ውጪ ሳያውቁት እንዲያድጉ አልፈልግም እማዬ። እኔም ብሆን ለሥራ ነው የመጣሁት እያልኩ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

በመኪና ነው የሄድነው። ከሜልበርን ሲድኒ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ ከሚወስደው ይረዝማል። መንገዱ ብዙው ቦታ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። የእንጦጦው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን አገራችን የገባ ነው፤ የትውልድ ቦታው ደግሞ ይኸው እዚህ ነው። ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ቅጠሉን አሽቼ ለሚጣ አሸተትኳት። ጉንፋን ሲይዘኝ ብርድ ልብስ አከናንበሽ በዚህ ቅጠል ስታጥኚኝ እንደነበር ነገርኳት። ከዚያ በኋላ በቆምንበት ሁሉ ቅጠል እየለቀመች ኪሷን ሞላችው።

ሲድኒ ላይ ባሕሩ ዳር ብቻ አይቀርም። ከተማው ውስጥ ገብቶ በየሰፈሩ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ሰዉ ታክሲ ተሳፍሮ ሥራ እንደሚሄደው በጀልባ ይሄዳል። ሰርኩላር ኪ በሚባለው መነኻሪያ ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ ጀልባውም አንድ ላይ ይገናኛሉ። ወደ ውሃው ዞረሽ ስትቆሚ በግራሽ ድልድዩ፣ በቀኝሽ ያ የጠየቅሽኝ ነጭ ነገር አለ።

ኦፔራ ሐውስ ይባላል። የሙዚቃና የቲያትር አዳራሽ ነው። ንድፉን የሠራው ዮርን ኡትዞን የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው። በ1957 (ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በውድድር አሸንፎ ነው ሥራውን የጀመረው። በኋላ ከመንግሥት ጋር በክፍያም በሥራውም ሳይስማማ ቀረና በ1966 ጥሎ ወደ አገሩ ገባ። ሕንፃው በ1973 ሲመረቅ አልተገኘም። በ2008 እስኪሞት ድረስም ተመልሶ መጥቶ አላየውም። እማዬ፣ ይህ ነገር አንጀቴን በላው። ስንት ሚሊዮን ሰው ከዓለም ዙሪያ መጥቶ ያየዋል፣ የሠራው ሰው ግን በዓይኑ አላየውም።

ባለቤቴን ከዚያ ቦታ ማንቀሳቀስ አልተቻለም። ሥራው ሴራሚክ ማልበስ አይደል? ጣሪያው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴራሚክ ለብሷል፤ የተሠራውም ስዊድን ነው። ከሩቅ ነጭ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ስትዪ አንዱ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነው፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ክሬም። ሴራሚኩ ጣሪያው ላይ አንድ በአንድ አልተለጠፈም። መሬት ላይ በትልልቅ ገበታ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ላይ የተሰቀለው። ይህን ሁሉ ለማሙሽ ሲያስረዳው ሰማሁ። ማሙሽ አባቱ በየቀኑ አቧራ ለብሶ የሚመጣበትን ሥራ እንደዚያ ቆሞ ሲሰማ አይቼው አላውቅም። ለእኔ የመንገዱ ድካምም ወጪውም እዚያ ላይ ተከፈለኝ።

ድልድዩ በ1932 የተከፈተ ነው፤ የብረት ቅስቱ ብቻ 503 ሜትር ነው። ላዩ ላይ ለመውጣት ብዙ ያስከፍላሉ። በእግር መሻገሩ ግን በነጻ ስለሆነ ተሻገርነው። ማሙሽ በበኩሉ ትምህርት ቤት የተማረውን ነገረኝ። እንግሊዞች በ1788 እስረኞቻቸውን በመርከብ ጭነው ሳይመጡ በፊት ይህ ወደብ የጋዲጋል ሕዝብ አገር ነበር። ልጆቹ ይህንንም አውቀው ማደጋቸው ደስ ይለኛል።

የባሕሩን ነገር አትስጊ። ማንሊ የሚባል ዳርቻ በጀልባ ሄድን፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ውቅያኖሱ ወደ ወደቡ የሚገባበት አፍ ጋ ስትደርሺ ጀልባው ይናጣል። እኔ “ማርያም ማርያም” እያልኩ ነበር። ልጆቹ ግን መዋኘት በትምህርት ቤት ተምረዋል። የሚዋኘውም ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተተከለበት መካከል ብቻ ነው፤ ነፍስ አድን ሠራተኞቹ ዓይናቸውን አይነቅሉም።

በዓሉን የዋልነው ወደቡ ዳር ባለው የዕፅዋት አትክልት ቦታ ሣሩ ላይ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ በበረዶ መሐል የተነሳችውን ፎቶ ስትልክ እኛ ጥላ ፍለጋ ነበርን። ሰማዩ የእኛው የታኅሣሥ ሰማይ ነው፣ ጥርት ያለ። በዚያ ሙቀት የገና አባት የሱፍ ልብሱን ለብሶ ይዞራል። ጾም ስለሆነ ምስሩንና እንጀራውን ከሜልበርን ይዘን ነበር። አጠገባችን የተቀመጡ ቤተሰቦች ሽሪምፕ እየበሉ “ኑ ብሉ” አሉን። እንጾማለን ስንላቸው ማንጎ ቆርጠው አመጡልን። እኛም ዳቦ ቆሎ ሰጠናቸው፤ ሰውየው ሁለት ጊዜ ዘገነ። እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ማንም ለመሄድ አልቸኮለም። አራታችንም በቀን ብርሃን፣ ሰዓት የሚያይ ሰው ሳይኖር አብረን ዋልን።

እማዬ፣ አገሩ ብርድ ነው እያልሽ መምጣቱን ስታዘገዪው ኖረሻል። ብርዱ በሰኔና በሐምሌ ነው፤ በታኅሣሥ አይበርድሽም። ለከርሞ ገና አንቺም ጋሼም እንድትመጡ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። የግብዣ ደብዳቤውንና የባንክ ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ። የሁለታችሁም ፓስፖርት ጊዜው አልፏል፤ በዓሉ እንዳለፈ ሄዳችሁ አሳድሱ። የማሳደሻውን ብር ከበጉ መግዣ ጋር ጨምሬ ልኬዋለሁ። ለሌላ እንዳታውዪው፣ አደራ።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ጎረቤቶቹን በሙሉ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ