ለሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት መለያ መተግበሪያ እንሥራ፤ አግዙን

አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጓደኛውን በእንግሊዝኛ እስክርቢቶ ሲጠይቀው ሰማሁ። «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» አለው። ለማለት የፈለገው «ታውሰኛለህ?» ነው። ያለው ግን ከ«ትዋሰኛለህ?» አይለይም። ጓደኛው ገባው፤ እስክርቢቶውን ሰጠው፤ ነገሩም በዚያው አለፈ። ፈተና ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም።

ስህተቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። በአማርኛ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ለመዋስ «ቦሮው»፣ ለማዋስ «ሌንድ» የሚሉ ጨርሶ የማይመሳሰሉ ቃላት አሉት። «ተማረ» እና «አስተማረ»ም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱ «ለርን»፣ ሌላው «ቲች» ይሆናል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ «አስታወሰኝ» ነው። አልረሳኝም ለማለትም እንለዋለን፤ እንዳልረሳ ነገረኝ ለማለትም እንለዋለን። እንግሊዝኛው የፊተኛውን «ሪሜምበር»፣ የኋለኛውን «ሪማይንድ» ይለዋል። ይህን በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ ልጁ በምን ይለየው?

ሌላው ጣጣ የጆሮ ነው። «የእነሱ» ለማለት የሚጻፈውና «እዚያ» ለማለት የሚጻፈው ቃል በእኛ ፊደል ሲሰፍሩ ሁለቱም «ዜር» ናቸው። ልዩነታቸውን እዚህ ላሳያችሁ አልችልም። የልጆቹም ጆሮ የሚሰማው ልክ ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ። አነጋገሩ ግን መለወጡን አላቆመም። ዛሬ «ሌሊት» የሚለውም፣ በፈረስ የሚዋጋው የጥንት ባላባት መጠሪያም «ናይት» ተብለው ይነበባሉ። በባላባቱ ስም መጀመሪያ ላይ የምትጻፈው «ኬ» ድሮ ድምፅ ነበራት። ይህን ታሪክ የነገርኩት አንድ ልጅ ከዚያ ወዲህ «ኬ»ዋን ረስቷት አያውቅም። ሽምደዳ ያላደረገውን ምክንያቱን ማወቅ አደረገለት።

የስልክ አራሚም ሁልጊዜ አያድንም። መሸነፍ ማለት የሆነው «ሉዝ» አንድ «ኦ» አለው፤ የላላ ማለት የሆነው «ሉስ» ሁለት። አንዱን በሌላው ቦታ ብትጽፉት ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ቀይ መስመር ላይመጣ ይችላል።

ስለዚህ ጥቂት ሆነን በትርፍ ሰዓታችን ለታዳጊዎች የሚሆን የስልክ መተግበሪያ ጀምረናል። አሠራሩ ቀላል ነው። ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ልጁ ከሁለት ቃላት አንዱን ይመርጣል። ከሳተ ለምን እንደሳተ በአማርኛ ይነገረዋል። ከዚያ ያው ጥንድ በማግሥቱ፣ ቀጥሎም ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌላ ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የማስታወስ ጥናቱ፣ በአንድ ጊዜ ከታጨቀ ድግግሞሽ ይልቅ በቀናት ተራርቆ የተደገመ እንደሚሻል አሳይቷል።

ዓረፍተ ነገሮቹን የሚጽፉትና የሚያርሙት መምህራን በነፃ ነው የሚሠሩት። ገንዘብ የሚፈልገው ትልቁ ነገር የድምፅ ቀረጻ ነው። ልጆቹ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከሰው አንደበት እንዲሰሙት እንፈልጋለን፤ የማሽን ድምፅ ሞክረን አልወደድነውም። ድምፁ ያለ ኢንተርኔትም መከፈት ስላለበት ፋይሎቹን ስልክ እንዳያጨናንቁ አድርጎ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለዚህ የተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ የሚሠራ ፕሮግራመር መቅጠር ግድ ሆኖብናል። የመተግበሪያ መደብሮች ምዝገባም አለ፤ የጎግል ፕሌይ አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ የአፕል ግን በየዓመቱ ነው።

ማስታወቂያ አስገብተን ወጪውን መሸፈን እንችል ነበር። አንፈልግም። የልጅ ትኩረት የሚሸጥ ነገር መሆን የለበትም። መተግበሪያው በነፃ ይወርዳል፤ የልጆቹን ስምም ሆነ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። እንግዲህ የቀረን የእናንተ እጅ ነው።

የምትችሉትን አዋጡ። ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት፤ አሥር ሰው ተረዳድቶ የአንድ ቀን ቀረጻ ቢሸፍን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ለመርዳት ያሰባችሁ ለእኔ ወይም ከቡድናችን ለምታውቁት ሰው መልእክት ላኩ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለውን ዝርዝር ላዋጣ ሁሉ በየወሩ እናደርሳለን። መጀመሪያ የሚቀረጹት ከአማርኛ ሲመጡ የሚምታቱት ናቸው፤ «ቦሮው» እና «ሌንድ»፣ «ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ»።

ገንዘብ የማይመቻችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ልለምናችሁ። ልጆቻችሁ ወይም ተማሪዎቻችሁ ሲያምታቷቸው የሰማችኋቸውን ቃላት፣ እንዳሉት አድርጋችሁ፣ ከነዓረፍተ ነገራቸው ጻፉልን። የልጁን ስም አትጥቀሱ። ስህተቱ ብቻ ይበቃናል።